ለታላቁ ሩጫ የሚዘጋጅ ሯጭ ጅምናስቲኩን የት ያስገባው?

ኅዳር ላይ ከመስቀል አደባባይ የሚነሳውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሰዓት ለመጨረስ ያሰበ፣ ማታ ማታ ደግሞ የጅምናስቲክ ውድድር እያየ «እኔስ በእጄ መቆም ለምን ያቅተኛል?» የሚል ሰው ሁለቱን አጣምሮ መለማመድ ይችላል። ብዙዎችን የሚጥላቸው የጊዜ እጥረት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው። እሑድ ረጅም ሩጫ ሮጦ ማታውኑ ዝላይ የሚለማመድ ሰው ባቱንና ቁርጭምጭሚቱን ያስቀይማል፤ ከፈጣን ሩጫ በፊት ለረጅም ጊዜ የተለጠጠ ደግሞ እግሩ ላስቲክነቱን አጥቶ ይነሳል።

ከዚህ በታች ያለው የ12 ሳምንት ዕቅድ 30 ደቂቃ ሳያቋርጥ ሶምሶማ መሮጥ ለሚችል ጤነኛ ጎልማሳ ነው። ከሩጫው ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር መጀመሪያው ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ላይ ያርፋል። ክረምቱ ገና ስላልወጣ የእንጦጦ ጫካ ጭቃና እርጥብ ሥር አለበት፤ እስከ መስቀል ድረስ ፈጣኑን ልምምድ አስፋልት ወይም የደረቀ ኮሮኮንች ላይ፣ ቀላሉን ሳር ላይ ያድርጉት።

ግብን በቁጥር ማስቀመጥ

10 ኪሎ ሜትርን በ60 ደቂቃ መጨረስ ማለት እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ መሮጥ ነው። በ8ኛው ሳምንት 5 ኪሎ ሜትር ለብቻዎ ይሮጡና ሰዓት ይያዙ። 28 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ አካባቢ ከገቡ 60 ደቂቃው ይደረስበታል። 31 ደቂቃ ከፈጀብዎ ግን ግቡን ወደ 65 ደቂቃ ያውርዱት፤ በግትርነት የሚገኝ ደቂቃ የለም።

ለጅምናስቲኩ ሦስት ግብ ይበቃል፦ በጀርባ ተኝቶ ሰውነትን እንደ ጀልባ አጉብጦ መያዝ (አሰልጣኞች ሆሎው የሚሉት) 45 ሰከንድ፤ ፊትን ወደ ግድግዳ አድርጎ በእጅ መቆም 30 ሰከንድ፤ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጣውላ ላይ በአንድ እግር መቆም 30 ሰከንድ። 10 ሳንቲ ሜትር ሴቶች የሚወዳደሩበት የሚዛን እንጨት ስፋት ነው። የእነሱ 5 ሜትር ይረዝማል፣ ከመሬት 1.25 ሜትር ከፍ ይላል፤ የእርስዎ ግን መሬት ላይ ይቀመጥ። ወደ ኋላ መገልበጥ በዚህ ዕቅድ ውስጥ የለም። ያለ አሰልጣኝና ያለ ወፍራም ፍራሽ የሚሞከር አይደለም፤ ዓይን መቶ ጊዜ ስላየው ሰውነት አወቀው ማለት አይደለምና።

የዳኛ ዓይን

የውድድር ጅምናስቲክ ለሯጭ የሚያበድረው ትልቁ ነገር ከጡንቻም ከመተጣጠፍም ይልቅ የዳኛው ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ሩማንያዊቷ ጅምናስት ናዲያ ኮማኔች 10 ስታገኝ የውጤት ሰሌዳው ያን ቁጥር ማሳየት ስለማይችል 1.00 ብሎ አለፈ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ውጤቱ ለሁለት ተከፍሏል፦ የከባድነት ነጥብ ለብቻው ይደመራል፤ የአፈጻጸም ነጥብ ከ10 ተነስቶ በስህተት ልክ ይቀነሳል። ለትንሽ ስህተት 0.1፣ ለመካከለኛ 0.3፣ ለትልቅ 0.5፣ ለመውደቅ 1.0። ሯጭ ግን ሰዓቱን ብቻ ያያል፤ እንዴት እንደሮጠ የሚቀንስበት ዳኛ የለውም።

ስለዚህ ዳኛውን ከስልክዎ ይፍጠሩ። ሰው ካለ ያስይዙት፣ ከሌለ አጥር ላይ በወገብ ቁመት ያስደግፉት። በፈጣኑ ሩጫ ቀን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዙር 20፣ 20 ሰከንድ ከጎን ይቅረጹ። ወገብ ወደ ፊት ከተሰበረ 0.3፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ዳሌ ቁጭ ካለ 0.5፣ እግር ከጉልበት ርቆ ፊት ለፊት በተረከዝ ካረፈ 0.3፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ 0.1 ይቀንሱ። የመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው ከ0.5 በላይ ካነሰ ልምምዱ ከአቅም በላይ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ዙር ይቀንሱ። ሰዓቱ ጥሩ ቢሆንም እንኳ። ድካም ቅርጽን ሲያበላሽ ሸክሙ ለመሸከም ወዳልተዘጋጀው ጅማት ይዞራል፤ ሰዓቱ ግን ይህን ሳምንት ቆይቶ ነው የሚነግርዎ።

ሳምንቱ

እሑድ ጠዋት ረጅም ሩጫ።
ሰኞ እረፍት፤ ቢበዛ 15 ደቂቃ የእጅ አንጓ ማሟሟቅና በእጅ መቆም።
ማክሰኞ ጠዋት የሰዓት ሩጫ (በሰዓት እየተለካ በዙር የሚሮጥ ፈጣን ሩጫ)፤ ማታ፣ ቢያንስ 6 ሰዓት ቆይቶ፣ ዋናው የጅምናስቲክ ልምምድ።
ረቡዕ እረፍት ወይም የእግር መንገድ።
ሐሙስ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ከዝላይ በእግር የማረፍ ልምምድ፣ ከዚያ 40 ደቂቃ ሶምሶማ።
ዓርብ 20 ደቂቃ ሆሎው፣ አርች (የሆሎው ግልባጭ፣ በሆድ ተኝቶ የሚሠራ) እና ሚዛን፣ ዝላይ የሌለበት።
ቅዳሜ 30 ደቂቃ ሶምሶማ፣ በመጨረሻው 6 ጊዜ 80 ሜትር ፈጠን ማለት።

ከባዱን ሩጫና ከባዱን ጅምናስቲክ ሆን ብለን ማክሰኞ ላይ ደርበናቸዋል። ሲበታተኑ በሳምንቱ ውስጥ እውነተኛ የእረፍት ቀን አይተርፍም። ረቡዕና ዓርብ ቀለል ያሉትም ያለ ምክንያት አይደለም፦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በባዶ ሆድ ፍጥነት ቢሮጥ የሚያተርፈው ራስ ምታት ነው። በጾም ቀን ማታ ሽሮ ወይም ምስር ከእንጀራ ጋር፣ ተልባም ቢጨመር፣ በደንብ ይብሉ። ከእሑድ ሩጫ አንድ ሰዓት በፊት ደግሞ አንድ ብርጭቆ በሶ ይበቃል፤ ወፈር ተደርጎ ከተበጠበጠ ግን ሆድ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ያስቸግራል፣ ስለዚህ ቀጠን ያድርጉት።

ሩጫው

ረጅሙ ሩጫ በደቂቃ ሲቆጠር በየሳምንቱ እንዲህ ይሄዳል፦ 45፣ 50፣ 55፣ 45፣ 60፣ 65፣ 70፣ 55፣ 75፣ 80፣ 60፣ ከዚያ ውድድሩ። 4ኛውና 8ኛው ሳምንት ዝቅ ያለው ሰውነት የተጫነበትን እንዲያዋህድ ነው፤ ጥሩ ስሜት ላይ ነኝ ብሎ ይህን ቅናሽ መተው ከ9ኛው ሳምንት በኋላ የቅልጥም ሕመም የሚጀምርበት አንዱ መንገድ ነው። ፍጥነቱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወሩ የሚሮጡበት ይሁን።

የማክሰኞው የሰዓት ሩጫ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት 6 ጊዜ 2 ደቂቃ ፈጣን፣ በመሃሉ 2 ደቂቃ ዱብ ዱብ። ከ5ኛ እስከ 8ኛ 5 ጊዜ 1 ኪሎ ሜትር፣ እያንዳንዱ በ5 ደቂቃ ከ45 እስከ 50 ሰከንድ፣ በመሃል 2 ደቂቃ ተኩል። ከ9ኛ እስከ 11ኛ 3 ጊዜ 2 ኪሎ ሜትር በትክክል በውድድሩ ፍጥነት፣ በመሃል 3 ደቂቃ። ከዝቅተኛ ቦታ፣ ለምሳሌ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ፣ ለሩጫው የሚመጣ ሰው አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አይርሳ፦ ቢያንስ 20 ሰከንድ በኪሎ ሜትር ይጨምር፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሶምሶማ ብቻ ያድርግ።

ጅምናስቲኩ

በመጀመሪያ የእጅ አንጓ። የሯጭ እግር ክብደት ለምዷል፤ አንጓው ግን ከቦርሳ በላይ ተሸክሞ አያውቅም። በአራት እግር ሆነው መዳፍዎን መሬት ላይ ያሳርፉ፤ ጣቶች ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ጉልበት እየዞሩ በየአቅጣጫው 10 ጊዜ ወዲህ ወዲያ ይበሉ። ከዚያ መዳፉ መሬት ላይ እያለ የመዳፉን ሥር 15 ጊዜ ማንሳት። በጠቅላላው 5 ደቂቃ ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ኩባያ ሲያነሳ አንጓው ይነግረዋል።

ሆሎው። በጀርባ ይተኙ፣ እጆች ከጆሮ ጎን ተዘርግተው፣ እግሮች ተገጥመው። ወገብዎን መሬት ላይ ይጫኑ፤ ከሥሩ ወረቀት የማይወጣ እስኪሆን ድረስ። ከዚያ ትከሻና እግር ትንሽ ይነሱ። 4 ጊዜ 20 ሰከንድ፣ በመሃል 40 ሰከንድ እረፍት፤ በየሳምንቱ 2 ሰከንድ ይጨምሩ። ወገብ ከመሬት ከተነሳ ሆዱ ተሸንፎ ወገቡ ነው የሚሠራው፤ እግርን ከፍ ያድርጉ ወይም ጉልበትን አጠፍ ያድርጉ። ከመሬት ሳይነሳ 20 ሰከንድ የተያዘው፣ ተነስቶ 60 ሰከንድ ከተያዘው ይሻላል። 8ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዳሌ ቁጭ እንዳይል የሚይዘው ይኸው ነው። አርች የዚህ ግልባጭ ነው፦ በሆድ ተኝቶ ደረትና ጭን ማንሳት፣ 4 ጊዜ 15 ሰከንድ፣ መቀመጫን አጥብቆ፣ አንገትን ሳይቀለብሱ።

በእጅ መቆም። መጀመሪያ መውረጃውን ይማሩ። ከግድግዳው ፊት ለፊት በእጅ እየተራመዱ መውጣትና በዚያው መንገድ መመለስ ነው፤ ሚዛን ከጠፋ አንድ እጅ ወደ ጎን አንስቶ፣ እንደ መንኮራኩር ዞሮ፣ አንድ እግር በአንድ እግር መውረድ። ለሁለት ሳምንት እግር ወንበር ላይ፣ መቀመጫ ወደ ላይ ተደርጎ 5 ጊዜ 15 ሰከንድ። ቀጥሎ ግድግዳ፦ መጀመሪያ እጅ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ርቆ፣ እየለመደ ሲሄድ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር። ትከሻ ወደ ጆሮ ይገፋል፣ ክርን ይቆለፋል፣ ጎድን ወደ ውስጥ ይገባል። ወገብ እንደ ሙዝ የሚጎብጠው አብዛኛውን ጊዜ ትከሻ ሙሉ በሙሉ ስለማይከፈት ነው፤ ሆድን ብቻ ማጠንከር አያስተካክለውም። ምግብ ከተበላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አይሞከርም። የደም ግፊት ወይም የዓይን ግፊት ያለበት ሰው ጨርሶ ይተወው።

ማረፍ። 30 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን ደረጃ ወርዶ በሁለት እግር ማረፍ፣ ጉልበት ታጥፎ 3 ሰከንድ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት፣ 3 ጊዜ 5። ጆሮዎን ይጠቀሙ፦ ዱብ የሚል ድምፅ ከተሰማ ጡንቻው ዘግይቷል። ጉልበቶች ወደ ውስጥ ከተሳቡ ከፍታውን በግማሽ ይቀንሱ። ጅምናስቶች ለዝላይ መሣሪያው ቢበዛ 25 ሜትር ተንደርድረው ያን ሁሉ ፍጥነት በአንድ ማረፍ ይውጡታል፤ ሯጭ የሚያርፈው በሺዎች ጊዜ ነው፣ በትንሽ በትንሹ።

ሚዛኑ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፦ ባዶ እግር፣ ጣውላ፣ በየእግሩ 3 ጊዜ 30 ሰከንድ፤ ሲቀልል ዓይን ጨፍኖ። ከሱ ጋር ደረጃ ጫፍ ላይ በአንድ እግር ተረከዝ ማንሳት 3 ጊዜ 12፣ ሲወርድ 3 ሰከንድ እየተቆጠረ።

እግር ከፍቶ መቀመጥ ለሚያምራቸው፦ መለጠጡ ማታ፣ ሰውነት ሞቆ እያለ፣ በየጎኑ በድምሩ 2 ደቂቃ። ከቀናት በኋላ ሲቀመጡ መቀመጫ አጥንት ሥር የሚወጋ ነገር ከመጣ የጭን የኋላ ጡንቻ ሥር ተቆጥቷል፤ የበለጠ መለጠጥ ያባብሰዋል። ለ10 ቀን መለጠጡን ይተዉ፣ አቀበትና ፈጣን ሩጫም ይቀንሱ። የቅልጥም አጥንት ላይ በአንድ ጣት ተነክቶ የሚያም ነጥብ ከተገኘ ግን ሩጫውም ዝላዩም ይቆማል፣ ሐኪም ይታያል።

የውድድሩ ሳምንት

ማክሰኞ 4 ጊዜ 2 ደቂቃ ብቻ፤ ከዚያ ወዲህ የጅምናስቲክ ኃይል ልምምድ የለም፤ አንጓና ሚዛን ይበቃል። እሑድ ጠዋት አደባባዩ በአስር ሺዎች ይሞላል፣ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በሰው ግፊት ይዘገያል። በጎን እየተሽሎከለኩ ማለፍ ቁርጭምጭሚትንም ትንፋሽንም ያስከፍላል፤ በ6 ደቂቃ ከ30 ካለፉት የባከነውን ጊዜ ከ4ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ቀስ በቀስ ይመልሱት። ሰዓትዎን መነሻ መስመሩን ሲረግጡ ያስጀምሩ።

መጨረሻው ላይ ለፎቶ በእጅ መቆም የሚያምራቸው አሉ። ላብ ያረጠበው መዳፍ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፣ ራስም ያዞራል፤ ይቅር። ሆሎውና አንጓ ረቡዕ ይመለሳሉ፣ በእጅ መቆም ዓርብ፣ ዝላይ ከሰባት ቀን በኋላ።