የትንሽ ጀልባ ባትሪ ያለ ዕድሜው የሚሞትባቸው ስህተቶች

ከጅማ ተነስቶ ወደ ግልገል ግቤ ግድብ ሐይቅ ለሚመላለስ ሰው በኤሌክትሪክ ሞተር የምትሄድ ትንሽ ጀልባ ጥሩ ምርጫ ናት። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,670 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የቤንዚን ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪኩን ሞተር ግን ከፍታው አይነካውም፤ የሚያደክመው ባትሪው ነው። ባትሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ውሃ ላይ ሲሠራ ሳይሆን ከጉዞ መልስ ግማሹ ጎድሎ ቤት ጥግ ሲቀመጥ ነው። ከሚከተሉት ስህተቶች ብዙዎቹ መጨረሻቸው እዚያ ነው።

የመኪና ባትሪ መግዛት

የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። በውስጡ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ስስና ብዙ ናቸው፤ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ መቶ አምፔር ይሰጡና ወዲያው ዲናሞው መልሶ ይሞላቸዋል። የጀልባ ሞተር ግን 15፣ 20፣ 30 አምፔር ለሰዓታት ይስባል። ስስ ፕሌት ደጋግሞ ሲሟጠጥ የላዩ እርሳስ እየላላ ይረግፍና ከባትሪው ታች ይጠራቀማል። በጥቂት ደርዘን ጉዞዎች ውስጥ ባትሪው ቻርጅ አልይዝ ይላል።

የሚያስፈልገው ፕሌቱ ወፍራም የሆነው፣ ዲፕ ሳይክል የሚባለው ነው። ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ። አቅሙ የተገለጸው በማስነሻ አምፔር፣ ማለትም በሲሲኤ ብቻ ከሆነ የማስነሻ ባትሪ ነው። ዲፕ ሳይክል ላይ የሚጻፈው የአምፔር ሰዓት፣ ማለትም ስንት አምፔር ለስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ነው። ክብደቱም ይናገራል፤ እውነተኛ የ100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ከ27 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። በአንድ እጅ በቀላሉ ብድግ ካለ ውስጡ የተባለው እርሳስ የለም ማለት ነው።

መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ይዘው ይሂዱ። መደርደሪያ ላይ ያለ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ደህና ነው። ከ12.4 በታች ከሆነ ሳይሞላ ለወራት ስለተቀመጠ አዲስ ተብሎ ቢሸጥም ጉዳቱ ጀምሯል፤ ይተዉት። ያገለገለ የጭነት መኪና ባትሪ በርካሽ ሲገኝ ያጓጓል፤ ሐይቅ መሃል ሲያቆምዎት ግን መቅዘፊያ ይዘው መገኘት አለብዎት።

የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ማመን

«100 አምፔር ሰዓት» የሚለው ልኬት ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲለቅ የሚገኝ ነው፤ 5 አምፔር ለ20 ሰዓት። በአንዴ 30 አምፔር ሲስቡበት አሲዱ ወደ ፕሌቱ ውስጥ ለመዝለቅ ጊዜ አያገኝም፤ የሚሰጠው 70 ገደማ ብቻ ይሆናል። ከእርሱም ግማሹን እንጂ ከዚያ በላይ መጠቀም ዕድሜውን ያሳጥራል። ስለዚህ በእጅዎ ያለው 35 አምፔር ሰዓት ነው፤ በሙሉ ፍጥነት አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ያስኬዳል።

መፍትሔው ሁልጊዜ ትልቅ ባትሪ መግዛት አይደለም። ጀልባ በውሃ ላይ በግማሽ ፍጥነት ስትሄድ የምትፈልገው ጉልበት የሙሉውን ፍጥነት ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። ማርሹን ከ5 ወደ 3 ማውረድ ባትሪ ከመጨመር ይልቅ ርቀት ይሰጣል። ለመመለሻው ሁልጊዜ ከመሄጃው የበለጠ ያስቀሩ፤ የከሰዓቱ ንፋስ ፊት ለፊት ሊመጣ ይችላል።

ሳይሞሉ ማሳደር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የእርሳስ ባትሪ ሲለቅ ፕሌቱ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል። ወዲያው ቻርጅ ከተደረገ ሰልፌቱ ይሟሟል። ለቀናትና ለሳምንታት ከቆየ ግን እየጠነከረ ወደ ክሪስታል ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ቻርጀር ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ቅዳሜ ሐይቅ ውለው ማታ ደክሞኛል ብለው ባትሪውን መኪና ላይ ቢተዉት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚያገኙት የአቅሙ ጥቂት የተቀነሰለት ባትሪ ነው። በየሳምንቱ እንዲህ ሲሆን ዓመት አይሞላም።

በጅማ ይህ የሚብሰው በክረምት ነው። ዝናቡ ሲጠናና መንገዱ ሲጨቀይ ጀልባዋ ከሰኔ እስከ መስከረም ትታሰራለች። የውሃ አሲድ ባትሪ (ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ የሚጨመርበት የእርሳስ ባትሪ) ያለ ሥራ ቢቀመጥም በወር 5 በመቶ ያህል በራሱ ይወርዳል። ስለዚህ ከክረምቱ በፊት ሙሉ ያድርጉት፣ ገመዶቹን ይፍቱ፣ በየወሩ አንድ ጊዜ መልሰው ይሙሉት። መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት 10 ወይም 20 ዋት የምትሆን ትንሽ ሶላር ከነኮንትሮለሯ (የቻርጅ መቆጣጠሪያዋ) ትበቃለች።

ሲለኩ ባትሪው ከሞተርም ከቻርጀርም ተለይቶ ጥቂት ሰዓት መቆየት አለበት። 12.7 ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 11.8 ባዶ። ከቻርጀር እንደነቀሉ የሚያዩት 13 ምናምን የላይ የላዩን ነው፤ አይመኑት።

የማስቀመጫ ቦታ ነገርም አለ። ከቡና ጋር በአንድ መጋዘን ቻርጅ አያድርጉ። ባትሪ ሲሞላ የአሲድ ጭጋግና ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ቡና ሽታ ይስባል፣ ሃይድሮጂን ደግሞ አየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል።

ያገኙትን ቻርጀር መሰካት

ለ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ10 እስከ 20 አምፔር የሚሰጥ፣ በራሱ ደረጃ የሚቀያይር ቻርጀር ይበቃል። የውሃ አሲዱ ባትሪ እስከ 14.4 ቮልት ድረስ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ ወደ 13.6 አካባቢ መውረድ አለበት። አሲዱ እንደ ሙጫ የረጋው የጄል ባትሪ ከ14.1 እስከ 14.2 ይፈልጋል፤ ከዚያ ካለፈ ውስጡ አረፋ ይሠራል፣ ጉዳቱም አይመለስም። የድሮው፣ ባትሪው ሲሞላ በራሱ የማያቆም ቻርጀር ከ15 ቮልት በላይ እየገፋ ሌሊቱን ከቆየ ውሃውን አፍልቶ ይጨርሰዋል።

ግማሽ የወረደ ባትሪ በ10 አምፔር ለመሙላት 5 ሰዓት ይበቃዋል ብሎ ማስላት የተለመደ ነው። የመጨረሻው 20 በመቶ ግን ቀስ ብሎ ስለሚገባ ሌላ 3 ወይም 4 ሰዓት ይጨምሩበት። ቻርጀሩ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሱ የሚቀጥል መሆኑን ከመግዛትዎ በፊት ሰክተው ነቅለው ይሞክሩት፤ ቁልፍ ካልተጫኑት የማይጀምር ከሆነ ሌሊት መብራት በተመለሰ ቁጥር ባትሪው ሳይሞላ ያድራል።

አሲድ መጨመር፣ የቧንቧ ውሃ መጨመር

የሚተንነው ውሃው ብቻ ነው፤ አሲዱ በቦታው ይቀራል። ስለዚህ አሲድ የሚጨምር ሰው ውህዱን ያጠነክርና ፕሌቱን ያስበላል። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ደግሞ ብረትና ዚንክ ያወርዳል።

በወር አንዴ ክዳኖቹን ከፍተው ይመልከቱ። ፈሳሹ ከፕሌቶቹ በላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ መቆም አለበት። የሚጨምሩት ከቻርጅ በኋላ ነው፤ ሲሞላ ፈሳሹ ስለሚያብጥ አስቀድመው ከሞሉት ሞልቶ ይፈስሳል። ፕሌቱ ተጋልጦ ካገኙት ብቻ፣ እስኪሸፍነው ድረስ ቻርጅ ከማድረግዎ በፊት ይጨምሩበት።

የአሲድ መለኪያ (ሃይድሮሜትር) ዋጋው ትንሽ፣ የሚነግረው ብዙ ነው። ባትሪው ሙሉ ሳለ ከስድስቱም ሴል (በየክዳኑ ሥር ካለው ክፍል) ፈሳሹን አንድ በአንድ በመለኪያው እየሳቡ ጥግግቱን ያንብቡ። አምስቱ 1.265 አካባቢ አሳይተው አንዱ 1.200 ላይ ከቆመ ያ ሴል ሞቷል፤ ሙሉውን ባትሪ ይዞት ይሄዳል። ያለ መነጽር ክዳን አይክፈቱ። አሲድ ልብስ ወይም ጀልባ ላይ ቢፈስ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠው ይድፉበት፤ ቆዳ ላይ ከሆነ ብዙ ንጹህ ውሃ ያፍስሱበት።

ቀጭን ገመድ፣ ያለ ፊውዝ

2 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ባትሪ ደርሶ መልሱ 4 ሜትር ገመድ ነው። 30 አምፔር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ሲያልፍ 0.8 ቮልት በመንገድ ይቀራል። በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ግን 0.13 ብቻ። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ገመዱን በእጅዎ ይዳብሱት። የሚሞቅ ከሆነ ቀጭን ነው፤ ጫፉ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ማሰሪያው ላልቷል ወይም ዝጓል።

ፊውዙ ከፖዘቲቩ ፖል 18 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይግባ። ከዚያ አልፎ ቢገባ በመካከል የተላጠ ገመድ ሲገናኝ የሚያቆመው የለም። ፖሎቹ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካዩ ገመዱን ይፍቱ (ኔጋቲቩን አስቀድመው)፣ በሶዳ ውሃ አጥበው ያድርቁ፣ ጠበቅ አድርገው መልሰው ይሰሩት፣ ከዚያ በላዩ ቫዝሊን ይቀቡ። ቫዝሊኑን አስቀድሞ ቀብቶ ማሰር ግንኙነቱን ያዳክማል።

ባትሪው ሳጥን ውስጥ ገብቶ በቀበቶ ይታሰር፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መነቃነቅ የለበትም። ጋዙ ወደ ላይ ስለሚወጣ የሳጥኑ ክዳን ከላይ ቀዳዳ ይኑረው። ከጅማ ሐይቁ ድረስ በፒካፕ ጀርባ ሲጫንም እንዲሁ ቆሞ፣ ፖሎቹ ተሸፍነው፣ ቁልፍና ብረት ከአጠገቡ ርቀው ነው።

አሮጌና አዲስ ማጣመር

አንዱ ስለደከመ አጠገቡ አዲስ መጨመር አዲሱን ማድከም ነው። ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ካሰሩ በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ፖዘቲቩን ከአንደኛው፣ ኔጋቲቩን ከሁለተኛው ይውሰዱ፤ ያን ጊዜ እኩል ይሠራሉ።

ሊቲየምን እንደ እርሳስ መያዝ

ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ክብደቱ ከእርሳሱ ግማሽ በታች ነው፤ 100 አምፔር ሰዓቱ 12 ኪሎ ገደማ። ለትንሽ ጀልባ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሕጉ ተቃራኒ ነው። እርሳስ ሙሉ ሆኖ ይከርማል፤ ሊቲየም ግን ግማሽ አካባቢ ሆኖ ቢከርም ይሻለዋል። ቮልቱም አያስረዳም፤ እስኪያልቅ ድረስ 13 አካባቢ ይቆይና ባትሪው ራሱን በአንዴ ይዘጋል። ስለዚህ የገባና የወጣ አምፔር የሚቆጥር መለኪያ አብረው ይግዙ።

አሲዱን ደፍቶ ባትሪውን መሸጥ

የሞተ ባትሪ እርሳሱ መልሶ ስለሚቀለጥ ገዢ አያጣም። አንዳንዱ እንዲቀልለት አሲዱን ቦይ ውስጥ ይደፋል። ያ አሲድ የሟሟ እርሳስ ይዟል፤ አዌቱ ወንዝ ወይም የቦዬ ረግረግ ሲገባ ከብትና ዓሣ ያገኘዋል። ክዳኖቹን አጥብቀው፣ ባትሪውን እንደቆመ፣ ከነአሲዱ ያስረክቡ። እስከዚያው ልጆች በማይደርሱበት ቦታ፣ በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡት።