ቮልሷ «ጠቅ» ብላ ዝም ስትል፦ የድሮ መኪና የኤሌክትሪክ ችግርና መፍትሄ

ፒያሳ አካባቢ ቮልስ የምንነዳ ሰዎች መኪና ስናቆም አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት ማዞር እንወዳለን። ቸርችል ጎዳና ላይማ ይሄ ያዋጣል። ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ) እምቢ ካለ ፍሬን ለቆ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ማስነሳት ነው። ጣጣው ቁልቁለቱ ከተለመደ በኋላ የተበላሸውን ነገር የሚፈልግ አይገኝም።

የእነዚህ መኪኖች የኤሌክትሪክ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የዕቃ ችግር አይደለም፤ የመገናኛ ችግር ነው። የዛገ ብሎን፣ የላላ ሽቦ፣ ቀለም የሸፈነው ብረት። ሰው ግን ቀጥታ ሶማሌ ተራ ሄዶ ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላውን ዕቃ) ይገዛል። ዲናሞው ይቀየራል፣ መብራቱ እንደ ድሮው ይደበዝዛል። ስለዚህ ከኪስ ብር ከመውጣቱ በፊት ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይውጣ።

የምጽፈው ቮልስን ይዤ ነው። ላዳ ወይም ፊያት 124 ያላችሁም አካሄዱ ያው ነው፤ የዕቃው ቦታ ብቻ ይለያል።

መጀመሪያ መኪናችሁ ስንት ቮልት እንደሆነች እወቁ። ባትሪው ላይ ውሃ የሚሞላባቸው ክዳኖች 3 ከሆኑ 6 ቮልት ነው፣ 6 ከሆኑ 12። የድሮዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት ነበሩ፤ ኋላ ወደ 12 የተቀየሩም አሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 45 ዋት የፊት መብራት በ12 ቮልት 4 አምፔር ገደማ ይስባል፣ በ6 ቮልት ግን 7.5። ለዚህ ነው 6 ቮልት መኪና ቀጭን ሽቦና የዛገ መገናኛ የማትችለው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የቮልት ቁጥሮች ለ12 ናቸው፤ ለ6 ቮልት በግማሽ አስቧቸው።

ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። የባትሪው ኔጋቲቭ መጀመሪያ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል።

ቁልፍ ስታዞሩ «ጠቅ» ብቻ ሲል

የፊት መብራት አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ሊጠፋ ከደረሰ ጥርጣሬው ባትሪው ወይም ወፍራሞቹ ካቦዎች ላይ ነው። መብራቱ ምንም ሳይል «ጠቅ» ብቻ ካለ ደግሞ ወደ ሞተሪኖው ሂዱ።

የቮልስ ባትሪ የኋላ ወንበር ስር ነው። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ራሱ (ካቦው የሚታሰርበት ጫፍ) ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጡና እጠቡት፤ ውሃው ግን ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ከዚያ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ።

እዚያው እያላችሁ የባትሪው መሸፈኛ መኖሩን እዩ። በብዙዎቹ ላይ ከጠፋ ቆይቷል። ወንበሩ ውስጥ የብረት ሞላ አለ። ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ ፖዘቲቩን ከነካ ወንበሩ በእሳት ይያያዛል። ወሬ አይደለም፣ በዚህ የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ። ሌላ ከሌለ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ አልብሱት።

ባትሪው ደህና ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ማሳው ነው፤ ወደ ኔጋቲቭ የሚመለሰው መንገድ ማለት ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ የተቀመጡት ጎማ ላይ ነው። ከቦዲው ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኛቸው ከካምቢዮው የፊት ጫፍ ላይ የታሰረ አንድ ጠፍጣፋ የሽቦ ጥልፍ ነው። ከመኪናው ስር ስለሆነ ጭቃና ዘይት ሲጠጣ ይኖራል። እሱ ሲበላ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልግና በነዳጅ መስጫው ወይም በፍሪሲዮኑ ገመድ በኩል ይመለሳል። ሞተር ስታስነሱ የነዳጁ ገመድ ከጋለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

መለኪያው ቀላል ነው። ቴስተሩን 20 ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹህ ብረት ላይ ያዙ። ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ታሟል። ጥልፉን ቀይሩ፣ ሁለቱንም ጫፍ አጽድታችሁ እሰሩ።

ይሄም ደህና ሆኖ፣ በተለይ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ «ጠቅ» የሚል ከሆነ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ነው። ኤሌክትሪኩ ከኋላ ካለው ባትሪ ተነስቶ ዳሽቦርድ ድረስ ይሄዳል፣ በቁልፉ አልፎ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። 50 ቁጥር የተጻፈበት የሞተሪኖው ጫፍ ጋ ሲደርስ አቅም የለውም። ሞተሪኖው አጠገብ አንድ ሪሌ ግጠሙ። ቀጭኑ ሽቦ ሪሌውን ብቻ ይቀሰቅሳል፣ ዋናው ኤሌክትሪክ ከባትሪው በአጭሩ ይመጣል።

ፍሬን ስትረግጡ ሌላ መብራት ሲበራ

ፍሬቻ ስታበሩ ስቶፑ አብሮ ይጠቅሳል። ወይም ፍሬን ስትረግጡ የፓርኪንጉ መብራት ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ሰው ይሄን ሲያይ ሽቦዎቹ ተቀላቅለዋል ብሎ ያስባል፣ ኤሌክትሪሺያኑም ግማሹን ገመድ ይመዛል። ምንም የተቀላቀለ ነገር የለም። ኤሌክትሪክ በአምፖሉ አልፎ በብረቱ በኩል መመለስ አለበት። መመለሻው ሲዘጋበት በጎረቤቱ አምፖል ክር በኩል አሳብሮ ይወጣል፣ ያኔ ሁለቱም ደብዝዘው ይበራሉ።

በተለይ መኪናዋ ቀለም ተቀብታ ከወጣች በኋላ ከጀመረ አትጠራጠሩ። የኋላ መብራቱ የሚመለሰው በታሰረበት ፓራፋንጎ በኩል ነው። አዲሱ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ከባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ሽቦ ስባችሁ የመብራቱን የብረት ቤት ንኩ። መብራቱ ከተስተካከለ መድኃኒቱ ተገኝቷል። ፈትታችሁ የሚገናኝበትን ቦታ ብረቱ እስኪታይ ፈግፍጉ፣ ጥቂት ቫዝሊን ቀቡ፣ እሰሩ። እኔ ከዚያም አልፌ ከመብራቱ ቤት ወደ ቦዲው አንድ ሽቦ እጨምራለሁ። ቡኒ ይሁን፤ በጀርመን መኪና ቡኒ ማሳ ነው፣ ነገ የሚሠራው ሰው ሲያየው ይገባዋል።

የፊት መብራት ሲደበዝዝም አስተሳሰቡ ያው ነው። መብራቱ እየበራ ባትሪው ላይ ለኩ፣ ከዚያ አምፖሉ ጀርባ ላይ ለኩ። ባትሪው 12.4፣ አምፖሉ 10.8 ካለ 1.6 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ፊውዙ ጋ፣ ማብሪያው ጋ እያላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ቁጥሩ ድንገት የሚዘልበት ቦታ ሌባው አለ። 100 ዋት አምፖል መግጠም መፍትሄ አይደለም፤ ማብሪያውን ያቀልጠዋል።

ፊውዝ እየደጋገመ ሲቃጠል

በሲጋራ ብር የተጠቀለለ ፊውዝ ያላየ የድሮ መኪና ባለቤት ያለ አይመስለኝም። አውጡት። ፊውዝ የተቀመጠው ለአምፖሉ ሳይሆን ለሽቦው ነው። የሲጋራው ብር ሳይቃጠል ሽቦው ይቃጠላል፣ ሽቦው ሲቃጠል ደግሞ አጠገቡ ቤንዚን አለ። «ዳይሬክት አድርጌልሃለሁ» (ያለ ፊውዝ አገናኝቼልሃለሁ ማለቱ ነው) የሚል ባለሙያም ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።

ቮልስም ላዳም የሚጠቀሙት ሁለት ጫፉ ሾጣጣ የሆነውን ፊውዝ ነው። ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16። አንዳንዴ ፊውዙ የሚቀልጠው ብዙ አምፔር አልፎበት ሳይሆን የያዘው ነሐስ ዝጎ ስለሚግል ነው። ፊውዙ መሃሉ ሳይሆን ጫፉ ጋ ከቀለጠ ነሐሱን አጽዱ፣ ጠበቅ አድርጉ።

እውነተኛ ሾርት ከሆነ ፊውዝ አታባክኑ። በፊውዙ ቦታ ከሁለት ሽቦ ጋር የታሰረ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ግጠሙ። በዚያ መስመር ላይ ያሉትን አምፖሎችና ዕቃዎች ሁሉ ንቀሉ። የሞከራችሁበት አምፖል አሁንም ቦግ ብሎ ከበራ ሽቦው የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል። ገመዱን ከፊት እስከ ኋላ እያነቃነቃችሁ ሂዱ፣ በተለይ ብረት በስቶ የሚያልፍበት ቦታ። እዚያ የነበረችው የጎማ ቀለበት ደርቃ ወድቃ ይሆናል። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ያለበት ቦታ እሱ ነው።

ቀይዋ መብራት አልጠፋ ስትል

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የዲናሞ መብራት ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ ሲዞር ቀስ ብላ ብልጭ ማለቷ በድሮ ዲናሞ ያለ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ መጥፋት አለባት። እየነዳችሁ ድንገት ከበራች ግን «ቤት ልድረስ» አትበሉ፣ ዳር ያዙ። የቮልስ ቺንጋ ዲናሞውን ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣውን ፋንም ያዞራል። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ሊቃጠል ነው።

ቺንጋው ካለ በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግባ። ከዚያ ሞተሩን ከፍ አድርጋችሁ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ካለ ይሞላል። 12 ላይ ከቀረ የዲናሞውን ካርቦኖች እዩ፤ አልቀው ይሆናል። ከ15 ካለፈ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉላተሩ ነው፣ ባትሪውንም አምፖሉንም ይጨርሳል።

ማታ ደህና ሆኖ ጠዋት የሚሞት ባትሪ

ሁሉንም አጥፉ። ኔጋቲቩን ፍቱና ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጋችሁ በካቦውና በባትሪው መካከል አስገቡ። በዚህ ሁኔታ ሞተር እንዳታስነሱ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል። ሬዲዮ የሌላት የድሮ መኪና ዜሮ ማሳየት አለባት። ካላሳየች ፊውዝ አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ቁጥሩ የወደቀበት መስመር ባትሪውን የሚጠጣው ነው። ሁሉም ተነቅሎ ካልወደቀ ወደ ሬጉላተሩ ዞር በሉ። ውስጡ ያለው መገናኛ ተጣብቆ ከቀረ ባትሪው ሌሊቱን በዲናሞው በኩል ይፈስሳል፤ መኪናዋ ቆማ ዲናሞው ሲነካ ሞቅ ይላል።

ክረምት ሲገባ

ሐምሌ ላይ ጠዋት ጠዋት የምትንቀጠቀጥ ከሆነ የዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አውጥታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ ቀይሩት። የፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው መገናኛ) ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ማታ የኋላውን ኮፋኖ ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ። ከካንዴላ ካቦዎቹ አንዱ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሱን ብቻ አትቀይሩ፣ አራቱንም ከቦቢናው (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ዕቃ) ካቦ ጋር አንድ ላይ ግዙ።