ከልምምድ በኋላ አምስት ደቂቃ፦ ቃሉን ለትንንሽ ተጫዋቾች ማካፈል

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጃን ሜዳ ነኝ። ከ12 ዓመት በታች የሆኑ አስራ ስድስት ልጆች አሰለጥናለሁ። በሥራ ቀን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ልጆቹ የስድስት ኪሎ፣ የአፍንጮ በርና የራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ልጆች ናቸው። ሁለቱ ፒያሳ የነበረው ቤታቸው ከተነሣ በኋላ ከሩቅ ኮንዶሚኒየም በሁለት ታክሲ ይመጣሉ። ልምምዱ ሲያልቅ ቁጭ ብለን ለአምስት ደቂቃ የእግዚአብሔርን ቃል እናወራለን። ልጆቹ "አምስቷ" ይሏታል። እንዴት እንደምናደርጋት የሚጠይቁኝ አሰልጣኞች ስለበዙ የማውቀውን ልጻፍ።

ከሁሉ በፊት ወላጆችን አነጋግሩ። በስልክ ሳይሆን ቤታቸው ሄዳችሁ። ቡና ካፈሉላችሁ ጠጡ። "ከልምምድ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን" ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ከቡድኔ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው። የአንደኛው እናት "ኳሱን ይጫወት፣ ያኛው ግን ይቅርበት" አሉኝ። "እሺ እናቴ" አልኳቸው፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። በዚያ ሰዓት ረዳቴ ለሁለቱ ኳስ መግፋት ያለማምዳቸዋል። የልምምዱን ኮን አስለቅማቸው አላልኩትም፤ ኮን መልቀም ቅጣት ይመስላል። ልጅ ደግሞ ቅጣትን ከሩቅ ያውቃል።

ብዙዎቹ ልጆች የኦርቶዶክስ ልጆች ናቸው፤ እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ። "ልጄን እምነቱን እንዳታስቀይርብኝ" ያሉኝ አባት ነበሩ። ልክ ናቸው፤ የመጠየቅ መብት አላቸው። ሦስት ነገር ቃል ገባሁላቸው። ልጆቹን ወደ እኔ ቤተ ክርስቲያን አልጋብዝም። ስለ እመቤታችን፣ ስለ ቅዱሳንና ስለ ጾም አልከራከርም። ስንጸልይ ሁሉም ቤቱ እንደለመደው ይጸልያል፤ የሚያማትበው ያማትባል። ጸሎታችን "አባታችን ሆይ" ነው፤ ሁሉም ይችለዋል። የምናቀርበው መክሰስም ሙዝና ቆሎ ነው፤ በጾምም በፍስክም ይበላል። ጥር 10 እና 11 ሜዳው የጥምቀት ስለሆነ ልምምድ የለንም፤ ያን ቀን ልጆቼን ከታቦቱ ጋር ሲዘምሩ ሳያቸው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሰዓቷ። መጀመሪያ ላይ ከልምምድ በፊት ሞክሬው ነበር፣ ያውም ሃያ ደቂቃ። አልሆነም። ኳስ እያየ የተቀመጠ ልጅ ጆሮ የለውም። ልምምዱ ይለቅ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ታኬታ ግን አይውለቅ። ታኬታ ከወለቀ ልጁ በልቡ ቤቱ ገብቷል። አቀማመጡንም አስቡበት። ፀሐዩ በእናንተ ፊት፣ በልጆቹ ጀርባ ይሁን። ጃን ሜዳ ላይ ሁልጊዜ ሌላ ጨዋታ አለ፤ ለእሱም ጀርባ ይስጡት። እናንተም መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ቆሞ የሚናገር አሰልጣኝ የሚቆጣ ነው የሚመስላቸው።

ዝግጅቱ ሐሙስ ማታ ነው። አንድ ታሪክ ብቻ አታዘጋጁ፤ ሦስት ያዙና ሜዳው ራሱ ይምረጥላችሁ። ኳስ በእጁ ነክቶ ዝም ያለ ልጅ ካለ፣ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለውን ዘኬዎስን እናወራለን፤ የልጁን ስም ግን አላነሣም። "አቀብለኝ፣ አላቀብልም" ተብሎ ከተጣሉ የዘጸአት ምዕራፍ 17 አለ። ከአማሌቅ ጋር ሲዋጉ ሙሴ እጁን ሲያነሣ እስራኤል ይበረታሉ፣ ሲያወርድ ይሸነፋሉ፤ ሙሴ ሲደክም አሮንና ሖር እጁን ደግፈው ያዙለት። ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። አንዱ ልጅ እጁን እንዲዘረጋ አድርጉ፤ ሲንቀጠቀጥ ሁለት ጓደኞቹ ይያዙለት። ዳዊትና ጎልያድን ግን ለግጥሚያ ቀን አልጠቀምበትም። ልጆቹ ወዲያው ጎልያድን ተጋጣሚው ቡድን ያደርጉታል፣ ያኔ በሌላ ማሊያ የመጣው የእኩያቸው ልጅ ጠላት ይሆናል።

አንዷን ቅዳሜ በዝርዝር ልንገራችሁ። ከአንድ ውድድር በኋላ ነው። አሸንፈናል፤ ሁሉም ይጨፍራል። አንድ ተቀያሪ ልጅ ግን ጥግ ላይ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፣ ያስራል። አንድ ደቂቃም አላስገባሁትም ነበር። ስለ ማሸነፍ ያዘጋጀሁትን ትቼ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1ን አወራሁ። ይሁዳ ከሄደ በኋላ ከአሥራ ሁለቱ አንድ ቦታ ጎደለ። ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ ዮሴፍ፣ ኢዮስጦስም የሚሉት፣ እና ማትያስ። ሁለቱም ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ከጌታ ጋር የነበሩ ናቸው። ዕጣው ለማትያስ ወጣ።

"ዮሴፍ ምን የተሰማው ይመስላችኋል?" አልኩ። "አኩርፎ ሄዷል" አለ አንዱ። "አልቅሷል" አለ ሌላው። ዝም አልኩ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ አሰልጣኝ ሁሉ መልሱን ራሱ መናገር ያምረዋል። ታገሡ። የጫማ ማሰሪያ የያዘው ልጅ አንገቱን ሳያነሣ "ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ" አለ። ከዚያ በላይ አልጨመርኩበትም። አባታችን ሆይ ብለን ተበተንን።

በሚቀጥለው ጨዋታ ያ ልጅ ቋሚ ሆኖ ጀመረ። ቃሉን ተናግሬ ልጁን ድጋሚ ብረሳው ኖሮ የተናገርኩትን ራሴ ባፈረስኩት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕግ አለን፤ ማንም ልጅ ቢያንስ አንድ አጋማሽ ይጫወታል። አንዳንዴ በዚህ ምክንያት እንሸነፋለን። ይሁን።

ጥያቄ ስትጠይቁ "ምን ተማራችሁ?" አትበሉ። መልሱ ሁልጊዜ "እግዚአብሔርን መውደድ" ነው፤ ከልምድ የወጣ መልስ። "ምን ተሰማው?" ወይም "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" ይሻላል። ከሁለት ጥያቄ አትለፉ።

ከአገራችን ስፖርትም ምሳሌ አለ። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትሩን አሸንፋ ወዲያው አልሄደችም። ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን ጠበቀቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። "ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ" የሚለውን ከዚህ ጋር ስናነብ በቀጣዩ ግጥሚያ ልጆቹ ራሳቸው ሮጠው ተጋጣሚዎቻቸውን ጨበጡ። በ1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣንበትንም እነግራቸዋለሁ። በፍጻሜው ጨዋታ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታን ነበር፤ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። ግን ስለ ጽናት ብቻ ነው የማወራው። "ከጸለያችሁ ታሸንፋላችሁ" ብዬ አላውቅም። ተጋጣሚውም ጸልዮ ነው የመጣው፤ የተሸነፈ ልጅ ደግሞ እግዚአብሔር እንደጠላው አስቦ ቤቱ መግባት የለበትም።

ሁለት ነገር ሳልል አላልፍም። ታኬታና ማሊያ መደለያ አይሁኑ፤ አምስቷ ላይ የተቀመጠም ያልተቀመጠም እኩል ያግኝ። ሌላው፣ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻችሁን አትሁኑ። ችግሩን ሊያጫውታችሁ የፈለገ ልጅ ካለ ሰው ሁሉ በሚያያችሁ ቦታ ቁሙ፣ ረዳታችሁም ቅርብ ይሁን። በስልክም ከልጁ ጋር ሳይሆን ከወላጁ ጋር ተጻጻፉ።

የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ ደግሞ አትፍጠሩ። ያን ቅዳሜ ስንበተን ያ ተቀያሪ ልጅ ተከትሎኝ መጣና "ዮሴፍ በኋላ ምን ሆነ?" አለኝ። "አላውቅም፣ አንብቤ ቅዳሜ እነግርሃለሁ" አልኩት። ሳምንቱን የሐዋርያት ሥራን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ቅዳሜ ገና ሰውነት ማሟሟቅ ሳንጀምር ሮጦ መጣ። "ኮች፣ አገኘኸው?" አለ። መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ስሙን እንደማያነሣ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና "እሺ፣ እኔም ቤት አንብቤ ልፈልገው" ብሎ ወደ ሜዳው ገባ።