ከባሕር ጠረፍ እስከ ተራራ፦ ብስክሌተኛ ተጓዥ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕርና ተራራ በተጎራበቱበት አካባቢ ብስክሌት መንዳት የሚያስገኘውን ደስታ ሌላ መልክዓ ምድር አይሰጥም። ጠዋት በጠረፉ ሙቀት የተነሣ ሰው ከቀትር በኋላ ጉም ውስጥ ሊገባ፣ በማግስቱም ያንኑ ከፍታ ቁልቁል ሊወርደው ይችላል። ከምፅዋ ወደ አሥመራ የሚያወጣው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ኖሮት ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በሃዋይ የሚገኘው የሃሌአካላ ተራራ መንገድ ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ከ3,000 ሜትር በላይ ያደርሳል። እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ የጉልበት ማነስ አይደለም፤ ለሜዳ የሚሠራውን ዕቅድ እንዳለ ወደ ተራራው ይዞ መሄድ ነው።

ቀኑን በኪሎ ሜትር ብቻ መለካት

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ከሌሎቹም ብዙዎቹ ከዚህ ይወለዳሉ። ሜዳ ላይ በቀን 90 ኪሎ ሜትር የለመደ ሰው ካርታውን ዘርግቶ በየ90 ኪሎ ሜትሩ ምልክት ያደርጋል፤ ማደሪያውንም በዚያው ልክ ይይዛል። ከፍታውን ግን አላየውም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ብስክሌቱ፣ ሻንጣውና ነጂው ተደምረው 100 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ነጂውም ሳያቋርጥ 150 ዋት ኃይል ቢያወጣ፣ 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ዳገቱ በ10 ኪሎ ሜትርም ይዘርጋ በ20፣ ይህ ጊዜ አይቀርለትም፤ የአየርና የጎማ ሰበቃ ሲጨመርበት ይረዝማል እንጂ አያጥርም። 2,300 ሜትር መውጣት እንግዲህ ዕረፍትና ምግብ ሳይታሰብ ከአራት ሰዓት በላይ ነው። 150 ዋት ለሰዓታት ማውጣት ደግሞ ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የቀኑን ጠቅላላ ሽቅብ በሜትር ይደምሩ፤ ኪሎ ሜትሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አማካይ ቁጥርም አያታልልዎት። በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ 500 ሜትር የሚወጣ መንገድ አማካይ ተዳፋትነቱ 5 በመቶ ነው ይባላል። ግማሹ ሜዳ ከሆነ ግን የቀረው ግማሽ 10 በመቶ ዳገት ነው፤ የሚያደክምዎትም እሱ ነው። የመንገዱን የከፍታ ሥዕል ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር ማየት ያስፈልጋል።

የባሕር ዳር መንገድ ሜዳ ነው ብሎ ማመን

ብዙዎች የጠረፉን ቀን ለዕረፍት ይመድቡታል። ተራራው ባሕሩ ውስጥ እስኪገባ ድረስ በሚቀርብበት ቦታ ግን ከላይ የሚወርዱ ወንዞች ጠረፉን እየቆራረጡ ገደል አበጅተውበታል። መንገዱ ወደ እያንዳንዱ ሸለቆ ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ እንደገና ይወጣል። በካሊፎርኒያ የቢግ ሰር ጠረፍ እንዲህ ነው፤ በጣሊያን የአማልፊ ጠረፍም እንዲሁ። አንዱ ዳገት ከ100 ሜትር ባይበልጥም አሥሩ ሲደመር ትልቅ ተራራ ይሆናል። ለእኔ እንዲያውም ከአንድ ረጅም ዳገት ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ ረጅሙ ዳገት ላይ ትንፋሽና እግር ይስማማሉ፣ እዚህ ግን ሊስማሙ ሲሉ ቁልቁለቱ ይመጣል።

ከከፍታ ወደ ባሕር ወርዶ እዚያው የሚያበቃ መንገድም አለ። በማዮርካ ደሴት ወደ ሳ ካሎብራ የሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ለዓይን እጅግ ያምራል። ከወረዱ በኋላ ግን የሚመለሱበት የመኪና መንገድ ያው የወረዱበት ነው፦ 9 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ በአማካይ 7 በመቶ ዳገት። በቀኑ መጨረሻ፣ ውኃው ባለቀበት ሰዓት፣ ወደዚያ መውረድ አይገባም።

በማርሽ ላይ መኩራት

እዚህ ላይ ቁጥሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከፔዳሉ ጋር የሚዞረው የፊቱ ማርሽ 34 ጥርስ፣ ከኋላዎቹም ትልቁ 34 ጥርስ ካለው ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ብስክሌቱ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞሩ ፍጥነትዎ በሰዓት ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህን ፍጥነት በ10 በመቶ ዳገት ላይ፣ በ100 ኪሎ ግራም ጠቅላላ ክብደት ለመጠበቅ ከ200 ዋት በላይ ይጠይቃል። የፊቱ ጥርስ 22 ቢሆን ግን በዚያው የእግር ፍጥነት 140 ዋት ያህል ይበቃል፤ ፍጥነቱ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል እንጂ ጉልበትዎ አይሟጠጥም፣ ጉልበቶችዎም አይታመሙም።

በዝግታ መውጣት የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ሻንጣ ጭኖ ለሚጓዝ ሰው ከኋላ ትልቅ፣ ከፊት ትንሽ ጥርስ ያለው ብስክሌት ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል። ይህንን ከጉዞው በፊት ጠጋኝ ዘንድ ወስደው ያስተካክሉ፤ ዳገቱ ላይ የሚደረግ ማስተካከያ የለም።

የነፋሱን ሰዓት አለማወቅ

ቀን ቀን ፀሐይ የብሱን ከባሕሩ ፈጥና ታሞቀዋለች። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ የባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ሊተካው ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ከቀትር በኋላም ይበረታል። በተራራው ሸለቆዎችም ቀን ነፋሱ ሽቅብ ይሄዳል፤ ሌሊት ተገልብጦ ከተራራው ወደ ባሕር ይወርዳል። ሰማዩ በጠራና ሌላ ማዕበል በሌለበት ወቅት ይህ ዑደት በየቀኑ ይደጋገማል፤ ዕቅድንም በእሱ ላይ መሥራት ይቻላል። ከጠረፍ የሚወጣ ሰው ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ሞቃቱን ቆላ ቀድሞ ቢያልፍ፣ ረፋዱ ላይ የሚነሣው ነፋስ ከኋላው ይገፋለታል። ወደ ባሕር የሚወርድ ደግሞ ከቀትር በፊት ይጨርስ፤ አለዚያ የመጨረሻዎቹን ሜዳማ ኪሎ ሜትሮች ከፊት ነፋስ ጋር እየታገለ ይገባል።

ጠረፉን ተከትሎ ለሚሄድ የወቅቱ ዋና ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ የግድ ነው። በካሊፎርኒያ ጠረፍ በሞቃቱ ወራት ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ ብስክሌተኞች ከሰሜን ወደ ደቡብ መጓዝን ይመርጣሉ። ሊከበር የሚገባው አደገኛ ነፋስም አለ። ከክሮኤሺያው የቬሌቢት ተራራ ወደ አድርያቲክ ባሕር የሚወርደው ቦራ ድንገት እየጠነከረ የሚመታ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው፤ ሲበረታ መንገዱ ለሞተር ብስክሌትና ለተጎታች ተሽከርካሪ ይዘጋል። ሁለት ሻንጣ በጎንና በጎን ያንጠለጠለ ብስክሌተኛ በእንዲህ ያለ ቀን ማደሪያው ይቆይ።

ቁልቁለቱን እንደ ዕረፍት መቁጠር

ዳገቱ ላይ የሚሠሩት ስህተት ያደክማል፤ ቁልቁለት ላይ የሚሠሩት ግን ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። 100 ኪሎ ግራም ክብደት 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሦስት ሊትር ያህል ውኃ ለማፍላት ይበቃል። በዝግታ፣ ፍሬኑን ጨብጦ ሳይለቅ የሚወርድ ሰው ይህን ሙቀት ሁሉ ማለት ይቻላል ለፍሬኑ ይሰጠዋል። ቸርኬውን በሚይዝ ፍሬን ላይ ቸርኬው ሲግል የውስጥ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ላይ ደግሞ ፈሳሹ ሊፈላና እጀታው ባዶውን እስከ መሪው ድረስ ሊመጣ ይችላል። መንገዱ ቀጥ ብሎ አሻግሮ በሚታይበት ቦታ ፍሬኑን ለቀቅ ያድርጉ፤ የአየሩ ግፊት ራሱ ይይዝዎታል። ከመታጠፊያው በፊት፣ ብስክሌቱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርገው ይያዙ፤ ከዚያ ለቀው ይታጠፉ። የመቃጠል ሽታ ከሸተተዎት ዳር ይዘው ይቁሙና እስኪበርድ ይጠብቁ።

ሁለተኛው የቁልቁለት ጠላት ብርድ ነው። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል፤ ጠረፉ ላይ 30 ዲግሪ ከነበረ 2,000 ሜትር ላይ 17 ይሆናል ማለት ነው። ለሚወጣ ሰው ደስ ይላል። ላብ ያራሰውን ካናቴራ እንደለበሰ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚወርድ ሰው ግን ጣት እስኪደነዝዝ ይበርዳል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን በወጉ አይዝም። እንግዲህ አናቱ ላይ እንደደረሱ፣ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት፣ እርጥቡን ካናቴራ በደረቅ ይለውጡ፣ ነፋስ የማያስገባውን ጃኬት እስከ አንገት ይቆልፉ፣ ሙሉ ጣት ያለው ጓንት ያጥልቁ። ሰውነትዎ ሳይበርድ ነው ይህን ማድረግ።

ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያየው የተራራ ገጽ እርጥብ አየር ስለሚመታው ጉም ይበዛበታል። አሥመራ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በምሥራቅ በኩል ያለው ቁልቁለት በጉም የሚሸፈንበት ጊዜ አለ። የኋላ መብራት ቀን ቀንም ይብራ።

መንገዱ ክፍት መሆኑን አለማጣራት

ከዠኔቭ ሐይቅ ተነሥቶ የፈረንሳይን አልፕስ እያቋረጠ ሜዲትራኒያን የሚደርሰው መንገድ 2,764 ሜትር ከፍታ ባለው በኢዝራን በኩል ያልፋል፤ ይህ ማለፊያ በአውሮፓ የብርድ ወራት በበረዶ ይዘጋል። ዋሻም እንዲሁ ይጣራ። በኖርዌይ 24.5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የላርዳል ዋሻ ለብስክሌት የተከለከለ ነው። ካርታ ላይ አጭር መስመር የሚመስለው ዋሻ ሲከለከል ተለዋጩ ብዙውን ጊዜ በተራራው አናት የሚያልፈው አሮጌ መንገድ ነው፤ ቀኑ በአንድ ጊዜ በብዙ መቶ ሜትር ሽቅብ ይጨምራል። ውኃ የሚገኝባቸውንም ቦታዎች አስቀድመው ያጣሩ፤ ጠረፉ ላይ መንደር ከመንደር ይያያዛል፣ ከላይ ግን ለሰዓታት ምንም ላያገኙ ይችላሉ።

ጨውን መናቅ

የባሕር አየር ጨው ይሸከማል፤ ጨው ደግሞ ብረትን ያዝጋል። ሰንሰለቱ፣ ቡሎኖቹና የፍሬን ገመዶቹ ቀድመው ይጎዳሉ። ከጠረፍ ተነሥተው ወደ ዳገቱ ከመሄድዎ በፊት በነበረው ምሽት ብስክሌቱን ጨው በሌለው ውኃ በቀስታ ያለቅልቁት፤ በኃይል የሚረጭ ውኃ ቅባቱን ከውስጥ ስለሚያወጣው አይጠቀሙ። ሰንሰለቱን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉና እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉ፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ጥቂት ያዙሩና ትርፉን ጠርገው ያንሱት። ዘይቱ በዲስኩ ወይም ቸርኬው ላይ እንዳይንጠባጠብ ይጠንቀቁ፤ በማግስቱ ቁልቁለት አለ።