ሄርሺ ቤርስን መጀመሪያ ስታዩ

ይሄን የምጽፈው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና በዚያ አካባቢ ለምትኖሩ፣ አይስ ሆኪን በአካል አይታችሁ ለማታውቁ ነው። ከዋሽንግተኑ ትልቅ ቡድን፣ ከካፒታልስ፣ አትጀምሩ። መኪና አስነሱና ፔንሲልቬንያ፣ ሄርሺ ሂዱ። መንገዱ ካልተዘጋጋ በባልቲሞር አድርጎ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ትኬቱም በአብዛኛው ይረክሳል፤ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ማንን ልታዩ እንደሆነ ግን ቀድማችሁ እወቁ። ሄርሺ የቸኮሌቱ ከተማ ነው፤ በፈረንጆቹ 1932 የተመሠረተው ቡድንም መጀመሪያ ስሙ የቸኮሌት ነበር፣ "ባርስ"። ማስታወቂያ ነው ተብሎ ሲተች በ1936 "ቤርስ"፣ ማለትም ድቦቹ፣ ተባለ። ብልጦች ናቸው፣ ድምፁ እንኳ ብዙ አልራቀም። ከ1938 ጀምሮ የሚጫወተው ካፒታልስ ከሚጫወትበት ከትልቁ የሆኪ ሊግ፣ ከኤንኤችኤል፣ አንድ ደረጃ ዝቅ በሚለው በኤኤችኤል ሲሆን፣ እስከ 2024 ድረስ የሊጉን ዋንጫ፣ ካልደር ካፕን፣ 13 ጊዜ ወስዷል። በ1988 ደግሞ በጥሎ ማለፉ 12 ጨዋታ ተጫውቶ 12ቱንም አሸንፏል።

ከ2005 ወዲህ የካፒታልስ መጋቢ ቡድን ነው። ስለዚህ ዛሬ የወደዳችሁት ልጅ ነገ ወደ ዋሽንግተን ሊጠራ ይችላል። ስም የተጻፈበት ማልያ ለመግዛት አትቸኩሉ።

ጃኬት ያዙ። ለእናታችሁ ጋቢም አይበዛም። መስታወቱ ሥር መቀመጥ ያምራል፣ ግን ለጀማሪ ከፍ ያለው ወንበር ይሻላል፣ ምክንያቱም ፐኳ፣ ማለትም እንደ ኳስ የሚጫወቱባት ጠፍጣፋ ጎማ፣ ትንሽና ፈጣን ስለሆነች እሷን ብቻ ካሳደዳችሁ ዓይናችሁ ደክሞ ይቀራል፤ ተጫዋቾቹ ወዴት እንደሚዞሩ እዩ፣ ፐኳ ራሷ ትገኛለች።

ሕጉ እንደሚፈራው አይደለም። ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ። በየወገኑ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ። ቅያሬው ጨዋታ ሳይቆም ስለሚካሄድ አትደናገጡ፣ ማንም ሮጦ ያመለጠ የለም። ኦፍሳይድም አለ፦ ከፐኳ ቀድሞ የተጋጣሚን ሰማያዊ መስመር ማለፍ አይቻልም። ቀላል ጥፋት የሠራ ሁለት ደቂቃ ይቀመጣል፣ ቡድኑም በአንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። ጎል የሚሸተው ያኔ ነው፤ ቡና ለመግዛት አትነሱ።

ልጆች ካሏችሁ የአሻንጉሊት መወርወሪያውን ቀን ፈልጉ። ቤርስ የመጀመሪያዋን ጎል ሲያገባ ሕዝቡ ይዞ የመጣውን ለስላሳ አሻንጉሊት ሁሉ ወደ በረዶው ይወረውራል፣ ከዚያ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። በጥር 2025 የተሰበሰበው 102,343 ነበር! ከጎሏ በፊት እንዳትወረውሩ ብቻ።

ቅርጫት ኳስ ወዳጆች ደግሞ ቀደም ብላችሁ ድረሱና እዚያው አጠገብ ያለውን አሮጌውን ሄርሺፓርክ አሬና እዩት። ቡድኑ እስከ 2002 ድረስ ይጫወት የነበረው እዚያ ነው። ዊልት ቻምበርሌይን በ1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስቆጠረውም እዚያው ነው።

ትራፊክ ለማምለጥ ብላችሁ ቀድማችሁ አትውጡ። በ2024 ዋንጫውን በገዛ ሜዳቸው የወሰዱት በጭማሪ ሰዓት በገባች ጎል ነው።