የኩዊልት ዐውደ ርዕይ ሲገቡ ዓይንዎን ምን ላይ ያሳርፉ?

ኩዊልት ሦስት ንብርብር ያለው የአልጋ ልብስ ነው፦ ከላይ ፊቱ፣ መሐል ላይ ሙቀት የሚይዘው ባዘቶ፣ ከሥር ገበሩ። ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ ፊቱን መሥራት አንድ ሥራ ነው፤ ሦስቱን ንብርብር እየወጉ ማያያዝ ደግሞ ሌላ። ኩዊልት የሚያሰኘው ይሄ ሁለተኛው ነው። ድሪቶ አይቶ ያደገ ሰው ነገሩ አይጠፋበትም። አብዛኛው ጎብኚ ግን ቀለሙን አድንቆ ያልፋል፤ ስፌቱን ሳያይ።

መጀመሪያ አራት እርምጃ ያህል ርቀው ይቁሙና አሰቃቀሉን ይዩ። ዳርና ዳሩ እንደ ማዕበል ከተርገበገበ፣ የዙሪያው መቀነት ከገላው ረዝሟል ማለት ነው። ሰፊዋ የኩዊልቱን መሐል ለክታ በዚያ ልክ በመቁረጥ ፈንታ፣ ረጅሙን ጨርቅ እየሰፋች ሄዳ ትርፉን መጨረሻ ላይ ቆርጣዋለች።

ቀጥሎ አንድ ክንድ እስኪቀር ይጠጉና የሦስት ማዕዘኖቹን ጫፍ ይፈልጉ። ቁራጮቹ የሚሰፉት ወደ 6 ሚሊ ሜትር ገባ ተብሎ ነው። ስፌቱ ከዚያ ካለፈ ሹሉ ጫፍ ይበላና ይደነዝዛል። ስሕተቱም ይጠራቀማል፦ በየስፌቱ 1 ሚሊ ሜትር ብትበልጥ፣ ቁራጩ በሁለት ጎኑ 2 ያጣል፤ 20 ቁራጭ በተደረደረበት 4 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል።

አሁን ወደ ስፌቱ። የእጅ ከሆነ ክሩ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ የመኪና ከሆነ ክፍተት የሌለው መሥመር ነው። በእጅ ሥራ፣ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ፊቱ ላይ የሚታዩትን ይቁጠሩ። 8 ጥሩ ነው፤ ከ10 እስከ 12 የባለሙያ እጅ ነው። ለእኛ ግን ከብዛቱ እኩልነቱ ይበልጣል። ገበሩን ለማየት ራስዎ አይግለጡት፤ የእጅ ወዝና ላብ ውሎ አድሮ ጨርቁን ያበላሸዋል። ብዙ ትርኢቶች ላይ ነጭ ጓንት ያጠለቁ አስተናጋጆች አሉ፤ ሲጠይቋቸው ጠርዙን ገልጠው ያሳያሉ። የኋላው ስፌት ከፊቱ እኩል ከሆነ መርፌዋ ቀጥ ብላ ወርዳለች። አንዳንዱ ከቀረ ደግሞ መርፌዋ አዘንብላ ገበሩን ስታለች።

አሚሾች በአሜሪካ ቀለል ያለ ኑሮ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው፤ የፔንሲልቬንያዎቹ፣ የላንካስተር አሚሾች የቆዩ ኩዊልቶች ፊት ሲደርሱ አቋምዎን ይለውጡ። አበባ የታተመበት ጨርቅ የለም፤ ደማቅና ጥቁር ቀለም ያለው ልሙጥ ሱፍ ነው፣ ብዙ ጊዜም መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ዳይመንድ። ከፊት ለፊት ባዶ ይመስላል። ወደ ጎን ሄደው መብራቱ ጨርቁ ላይ ጋደም ብሎ ሲያልፍ ይዩት፤ የስፌቱ ጉድጓድ ጥላ ይጥልና የላባ ሐረግ ብቅ ይላል።

በአሜሪካ አላባማ ያለችውን የጂዝ ቤንድ መንደር ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ሥራ በዚህ ሚዛን አይመዝኑት። ማዕዘን መለካት እዚያ ከንቱ ድካም ነው። ብዙዎቹ ካለቀ የእርሻ ቱታና ጂንስ የተሠሩ ናቸው፤ በነጣው ጂንስ መሐል አራት ማዕዘን ጥቁር ሰማያዊ ካዩ፣ ኪሱ የተፈታበት ቦታ ነው፤ ፀሐይ አላገኘውም። እነዚህ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዊትኒ ሙዚየም ታይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጥተዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኩዊልት ላይ ቡናማው ቁራጭ ብቻ ተበጣጥሶ ሌላው ደህና ከሆነ፣ ብል አይደለም። ቀለሙን ለማጽናት የገባው ብረት ጨርቁን በልቶታል። «ኩዊልት ከባርነት ለሚያመልጡ ምሥጢራዊ ምልክት ነበር» የሚል አስጎብኚም ያጋጥም ይሆናል፤ የዘመኑ ማስረጃ ስላልተገኘለት እንደ ተረት ይስሙት።

ፎቶ የሚፈቀድ ከሆነ ፍላሹን አጥፍተው ሦስት ያንሱ፦ ሙሉውን፣ ስፌቱን በቅርብ፣ ከዚያ መግለጫ ወረቀቱን። ሦስተኛው ከተረሳ ማታ ቤት ገብተው የትኛው የማን እንደነበር መለየት አይቻልም።