ከልጅ ጋር ሃሞክ ላይ ማደር፦ ችግሩ ከየት መጣ፣ መፍትሄውስ?

ጮቄ ግርጌም ይሁን ዘንገና ሐይቅ ዳር፣ ልጅ ይዞ ሃሞክ (በሁለት ዛፍ መሃል የሚንጠለጠል የጨርቅ መኝታ) ላይ ለማደር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ሃሞኩ ነው። የትኛው ይሻላል፣ ቀለሙ ምን ይሁን። ሌሊቱን የሚያበላሹት ግን ሌሎቹ ናቸው፦ ማሰሪያው፣ ከጀርባ ስር የሚገባው ነገርና ለዝናብ ከላይ የሚዘረጋው ሸራ። ብራችሁን እዚያ ላይ አውሉት። ከምልክቱ ልነሳ፣ የእናንተ የቱ እንደሆነ እዩ።

ልጁ ሌሊቱን ሙሉ እላያችሁ ላይ ሲንከባለል አደረ

ለሁለት ሰው ተብሎ የተሸጠ ሰፊ ሃሞክ ገዝታችኋል ማለት ነው። ሁለት ሰው መሸከሙን ይሸከማል፣ ቀን ቁጭ ብሎ ለመጫወትም ያምራል። ሲተኙበት ግን ጨርቁ ወደ መሃል ይሰምጣል፣ ከባዱ ሰው ጎድጓዳውን ይይዛል፣ ቀላሉ ደግሞ እላዩ ላይ ይወርዳል። ሁለታችሁም አትተኙም።

ሁለት ሃሞክ ግዙ፤ በዚህ አትከራከሩኝ። ለአዋቂ 3.3 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ጥሩ ነው፣ ለልጅ አጭሩ ይበቃል። ሦስት ዛፍ ፈልጉና በራስጌ በኩል ሁለቱን አንድ ዛፍ ላይ፣ በግርጌ በኩል ለየብቻ እሰሩ። እጃችሁን ስትዘረጉ ልጁ ጋ ይደርሳል፤ ሌሊት "አባዬ፣ አለህ?" ሲል መነሳት አያስፈልግም። አንዱን ካንዱ በላይ መስቀል ፎቶ ላይ ደስ ይላል፣ የላዩ ከወረደ ግን የሚያርፈው ከስር በተኛው ላይ ነው። ገና ጨቅላ የሆነ ሕፃንማ ጭራሽ ሃሞክ ላይ አይተኛም፤ ለእሱ ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ መኝታ ነው የሚያስፈልገው።

ከላይ ሞቆን ከታች በረደን

የጎጃም ዋናው ችግር ይኼ ነው። ቀን በሸሚዝ የዋላችሁበት ቦታ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ሊጥልበት ይችላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጅባራ ከ2,500 ያልፋል፣ የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 በላይ ነው። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ስለሚቀንስ ባሕር ዳር ላይ የበቃችሁ ልብስ ጮቄ ላይ ቀልድ ነው።

ሰው ሲበርደው ከላይ ጋቢ ይደርባል። ምንም ለውጥ የለውም። እስቲ እጃችሁን በጀርባችሁና በጨርቁ መሃል አስገቡ፤ ብርዱ እዚያ ከሆነ ከላይ የሚደረበው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው፣ ስትተኙበት ከስራችሁ ያለው ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል፣ በዚያ ላይ ነፋሱ ከሃሞኩ ስር እንደልቡ ይመላለሳል።

ጥሩው መድኃኒት ከሃሞኩ ውጭ ከስር የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ ነው፤ ሰውነታችሁ ስለማይጫነው አይጨፈለቅም። ሲታሰር ጨርቁን ነካ ያድርገው። ከላላ በመሃል ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ከጠበቀ ደግሞ ይጨፈለቅና ዞሮ ዞሮ ያው ነው። ችግሩ ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያስጠብቃል።

ርካሹ አማራጭ ውሃ የማይጠጣ ጠንካራ የፎም ምንጣፍ ነው። ተራ የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም፣ እርጥበት ይመጥጣል። ምንጣፉ ጠባብ ስለሆነ ትከሻ ከጎን ይወጣና ይበርደዋል፤ ሌላ ቁራጭ ቆርጣችሁ በትከሻ በኩል አግድም ጨምሩበት። ሌሊት እየተንሸራተተ የሚያስቸግር ከሆነ ባለ ሁለት ድርብ ሃሞክ ግዙና ምንጣፉን በሁለቱ ጨርቆች መሃል አስገቡት። ለልጅ እኔ የምመርጠው ፎሙን ነው፣ ምክንያቱም ልጅ ሲገላበጥ ስለሚያድር ከስር የተንጠለጠለው ብርድ ልብስ ቦታውን ይስታል። ቤታችሁ የሱፍ ባና ካለ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሱፍ ቢረጥብ እንኳ እንደ ጥጥ ጋቢ ሙቀቱን ጨርሶ አያጣም።

ወገብ ታመመ፣ ትከሻ ተጨመቀ

ሃሞኩን ወጥራችሁታል። ቀጥ ሲል የሚመች ይመስላል፣ ግን ጨርቁ ግራና ቀኝ ያፍናችኋል። ማሰሪያው ከአግድሙ ወደ 30 ዲግሪ ተዳፍቶ ይታሰር፣ ከዚያ ደግሞ ቀጥ ብላችሁ ሳይሆን ሰያፍ ተኙ፤ ጀርባ የሚዘረጋው ያኔ ነው። ለ3.3 ሜትር ሃሞክ ከጫፍ እስከ ጫፉ ያለው ርቀት 2.75 ሜትር ያህል ይሁን፣ ይህን ልክ የሚጠብቅ ቀጭን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፉ ከላዩ ከዘረጋችሁ በየዛፉ መለካት ይቀራል።

መወጠር ሌላም ጣጣ አለው። 70 ኪሎ ሰው በ30 ዲግሪ ሲታሰር እያንዳንዱ ማሰሪያ የሚሸከመው 70 ኪሎ ያህል ነው፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወጠር 200 ይደርሳል። ገመዱ የተበጠሰበት፣ ቀጭኑ ዛፍ የጎበጠበት ሰው መጀመሪያ ይህን ይይ።

ማታ ከፍ ብሎ ታስሮ ጠዋት መሬት ነካ

የገበያ ናይለን ገመድ ነው ያሰራችሁት። ናይለን ይለጠጣል፣ ሲረጥብ ይብሳል። ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ የፖሊስተር ማሰሪያ ግዙ። ቀጭን ገመድ የባሕር ዛፍን ልጥ ይበላል፤ ጠዋት ስትፈቱት ቀለበት የመሰለ ቁስል ታያላችሁ፣ ያ ዛፍ ደግሞ የአንድ ገበሬ ንብረት ነው። ስለዚህ ከማሰር በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነም ካህናቱን ጠይቁ።

ዛፉ ከጭን የወፈረ ይሁን። ከማሰራችሁ በፊት ቀና ብላችሁ የደረቀ ቅርንጫፍ መኖር አለመኖሩን እዩ፤ በተለይ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን ሳያስጠነቅቅ ይጥላል።

ሸራ ተዘርግቶም ውሃ ገባ

ዝናቡ በማሰሪያው ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ ነው። ከሃሞኩ ጫፍ በፊት፣ ከሸራው ስር፣ ማሰሪያው ላይ አጭር ክር ቋጥራችሁ ወደ ታች ልቀቁ፣ ውሃው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል። በጎን የሚገባ ከሆነ ሸራው ጠቦ ነው፤ ከሃሞኩ በሁለቱም ጫፍ ተርፎ መውጣት አለበት። መብረቅ ካለ ግን ሸራም አያድን፣ ከዛፉ ስር ልጁን ይዛችሁ ውጡ። ክረምት ላይ ከልጅ ጋር ባትሄዱ ይሻላል።

አጎበር እያለ ተነከስን

ቢንቢ ከስር በኩል በስሱ ጨርቅ አሳልፋ ትነክሳለች። ወይ ዙሪያውን ሃሞኩን ጠቅልሎ የሚይዝ አጎበር ይኑር፣ ወይ ድርብ ጨርቅና ፎም ከስር ይግባ። ጣና ዳርና ዘጌ ላይ ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ወቅት ስለሆነ ይህን በዋዛ አትለፉት።

ልጁ ፈራ፣ አልተኛም አለ

ብዙ ጊዜ ከፍ ተደርጎ ስለታሰረ ነው። ሲቀመጥ እግሩ መሬት መንካት አለበት፣ ብቻውን ገብቶ ብቻውን መውጣት ይቻለው። ቤት ውስጥ ወይም ግቢ ውስጥ ቀን ቀን ይለማመድበት፣ የአጎበሩን ዚፕም ራሱ ከውስጥ ይክፈት፤ ሌሊት ሽንቱ ሲመጣ ነው የሚቸገረው። አንገት አካባቢ የሚንጠለጠል ክርና ገመድ አትተዉ።

አንድ የማይቀር ነገር ደግሞ አለ። የሰፈሩ ልጆች ገና ሲያዩት ዥዋዥዌ ነው ብለው አምስትም ስድስትም ሆነው ይወጡበታል። መከልከል አያምርም፣ የእናንተም ልጅ ጓደኛ ያገኛል፤ አሮጌ ወይም ርካሽ ሃሞክ ካላችሁ እሱን ቀድማችሁ ስቀሉላቸው፣ የመኝታችሁን ደግሞ ሲመሽ አውጡ። የተረፈ ምግብ ከአጠገባችሁ አታሳድሩ፤ ጅብ ሽታውን ከሩቅ ያገኘዋል። የምታድሩበትን ቦታም ቀድማችሁ ለአካባቢው ሰው ንገሩ፣ ከተቻለም ሰው ካለበት ቤት አቅራቢያ ይሁን።